የንብ መርዝ ቅባት፦ ስምንት ሳምንት በእማዬ ጉልበት ላይ

ቅባቱ የመጣው በሻንጣ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ለእማዬ አንድ ሹራብ፣ ሁለት ብልቃጥ ቫይታሚንና አንድ ወርቃማ ቲዩብ ይዞ መጣ። ቲዩቡ ላይ ንብ ተስላለች። ከንቧ በላይ በትልቁ «የንብ መርዝ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። 60 ግራም ነው። 34 ዶላር ከፍሎበታል። ዋጋውን ኩሽና ጠርቶ በሹክሹክታ ነው የነገረኝ። እማዬ ብትሰማ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት እስከ ፋሲካ አትነካውም።

ጽሑፉን ሳነብላት ግን ያስገረማት ሌላ ነገር ነበር።

«የንብ መርዝ? ገንዘብ ከፍላችሁ?» አለች። «አባትሽ ጓሮ ሠላሳ ዓመት በነፃ ስትነድፈኝ ኖራ!»

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ 19 ዓመቴ ነው። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዳንግላ አካባቢ ንብ አናቢ ነበሩ። ስለዚህ ይህን ቲዩብ ያየሁት በሁለት ዓይን ነው። አንዱ የባንኮኒ ዓይን ነው፤ ምን አለበት፣ ስንት አለበት፣ የት ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ። ሌላው የቀፎ ዓይን ነው። አንድ ዓይኗ በእብጠት ተደፍኖ ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ የንብ መርዝን አሳንሳ አታይም።

የአምራቹን ስም አልጽፍም። አንደኛ፣ ከአንድ ቲዩብ ተነስቼ የማንንም ስም ማንሳት አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ሥዕሉ ብቻ እየተለዋወጠ ተመሳሳይ ቅባት በየቦታው ይሸጣል። እኛ ፋርማሲ እንኳ «የንብ መርዝ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በወር ሦስት አራት አይጠፋም። ይህን የምጽፈው በአብዛኛው ለእነሱ ነው።

ክዳኑን ስከፍት የጠበቅሁት የማር ሽታ ነበር። የወጣው ግን የሜንቶልና የካምፎር ሽታ ነው። ቅባቱ ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ልብስ አያበላሽም፤ ይህን ልመርቅለት። መጀመሪያ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ትንሽ ሞቅ ይላል። መጀመሪያ እማዬ ክንድ ላይ ጥቂት ቀብቼ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ቀይ ነገር አልወጣባትም። በማግስቱ ጉልበቷን ቀባኋት። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና «ይኼማ ቪክስ ነው» አለች።

ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ምርመራውን የጨረሰችው ግን እሷ ናት።

ከቲዩቡ ጀርባ 27 ነገር ተዘርዝሯል። ውሃ አንደኛ ነው። ሜንቶል አምስተኛ። የንብ መርዝ 23ኛ፣ ከሽቶው ቀጥሎ። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን እርስ በርሳቸው እንደፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ። ስለዚህ 23ኛነቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። እኔን የከነከነኝ መጠኑ የትም አለመጻፉ ነው። በመቶኛ የለም። በሚሊግራም የለም። ለሻጩ መልእክት ላክሁ፤ «በአንድ ቲዩብ ውስጥ ስንት የንብ መርዝ አለ?» ብዬ። በሁለት ቀን መልስ መጣ። ምርታችን ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፣ ለንቦችም እንጠነቀቃለን፣ ንቦች አይሞቱም ይላል። ደስ ይላል። ግን ያልጠየቅሁትን ነው የመለሱልኝ።

ከዚህ ከመቀጠሌ በፊት ስለ መርዙ ራሱ ላውራ። ካልሆነ ቅባቱ ለምን እንዳልጣመኝ አይገባችሁም። ለዚህ ደግሞ ጥቅምት መጨረሻ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የአባባን ቀፎዎች አሁን የያዙት አጎቴ ናቸው። ከቀርቀሃ የተሠሩ፣ በእበትና በጭቃ የተለሰኑ ቀፎዎች ናቸው። ማር የሚቆርጡት በማታ፣ በጭስ ነው። የእኛ አገር ንብ ቁጡ ናት፤ ቀን አይሞከርም። እኔ ግን የከተማ ሰው ሆኛለሁና በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ መሸፈኛ፣ ስልኬን ይዤ ፎቶ ላነሳ ተጠጋሁ። ግራ እጄ ጀርባ ላይ አንዲት ነደፈችኝ።

ብዙ ሰው ንብ ወግታ የምትሄድ ይመስለዋል። መንደፊያዋን ጥላው ነው የምትሄደው። የሠራተኛ ንብ መንደፊያ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ አለው። የሰው ቆዳ ውስጥ ከገባ አይወጣላትም። ስትታገል ከሆዷ ተቦጭቆ ይቀራል፤ እሷም ትሞታለች። የቀረው ግን ሥራውን አላቆመም። የመርዝ ከረጢቱ፣ ጡንቻው፣ ጡንቻውን የሚያዘው የነርቭ ቋጠሮ ሁሉ አብሮ ቀርቷል። ባለቤት በሌለበት መርዝ መግፋቱን ይቀጥላል። እጄን ወደ ዓይኔ አቅርቤ አየሁት፤ ትንሿ ከረጢት እንደ ልብ ትመታለች። ከመርዙ 90 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ይገባል። እኔ ፎቶ ሳነሳ 20ው አለቀ።

ልጅ ሳለን «በጥፍር ጥረጊው እንጂ በሁለት ጣት አትጭመቂው» ይሉን ነበር። በ1996 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ይህንን ፈትኖታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።) ተጠረገም ተቆነጠረም ለውጥ የለውም፤ ለውጥ ያለው በቶሎ መውጣቱ ነው። አጎቴ ጥናቱን አላነበቡም። ያሉኝ ግን ያንኑ ነው፦ «ምን ታይዋለሽ፣ ንቀይው እንጂ!»

ከዚያ ክንዴን ይዘው ከቀፎው አራቁኝ። ከመንደፊያው ጋር አብሮ የሚወጣ ጠረን አለ። የበሰለ ሙዝ ሙዝ ይላል። አይሶፔንታይል አሴቴት ይባላል፤ ሳይንቲስቶች ለይተው ያወቁት በ1962 ነው። በንብ ቋንቋ «ጠላት እዚህ ጋ ነው፣ ኑ» ማለት ነው። ጭሱ ከሚረዳባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ንቦቹ ጥሪውን በደንብ እንዳያሸቱት ያደርጋል። እኔ እጄ ላይ የጥሪ ደብዳቤ ለጥፌ ቀፎ ሥር ቆሜ ነበር።

እጄ ውስጥ የገባው መርዝ ሲደርቅ 0.1 ሚሊግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ከአንዲት የስኳር ቅንጣት ያንሳል። በዚህች ውስጥ ግን ሥራ የተከፋፈለ ቡድን አለ።

ወዲያው እንደ እሳት የተሰማኝ በዋናነት የሜሊቲን ሥራ ነው። ከደረቁ መርዝ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። 26 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ጡቦች) የተቀጠሉበት አጭር ሰንሰለት ነው። አንዱ ጎኑ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጎኑ ስብ ይወዳል፤ ልክ እንደ ሳሙና። የሴል ሽፋን ደግሞ ስብ ነው። ሜሊቲን ሽፋኑ ላይ ይተኛና ይበሳዋል። ሴሉ ያፈስሳል። የሕመም ነርቮችም ይቀሰቀሳሉ። ንቧ ራሷ እንዴት አልተበሳችም? ያልን እንደሆነ፣ ሜሊቲን ሲሠራ ጉዳት የማያደርስ ረዘም ያለ ሰንሰለት ሆኖ ነው። መርዝ የሚሆነው ትርፉ ቀስ በቀስ ሲቆረጥለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ምሽቱን በሙሉ ሳስበው አመሸሁ።

ሜሊቲን የበሳውን የሚያሰፋ አጋር አለው። ፎስፎሊፔዝ ኤ-ሁለት ይባላል። ከደረቁ መርዝ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይሆናል። የሴሉን ሽፋን ስብ የሚቆርጥ ኤንዛይም ነው። በንብ መርዝ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ሰውነት በብዛት የሚቆጣው በእሱ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ ደግሞ መንገድ ጠራጊ ነው። በሴሎች መሃል ያለውን ዝልግልግ ነገር ያቀልጥና ሌሎቹ እንዲስፋፉ በር ይከፍታል። ማታ ላይ እብጠቱ ከእጄ ጀርባ አልፎ ወደ አንጓዬ ሲወጣ «ይኼው መንገድ ጠራጊው» እያልኩ ነበር። ለአጎቴ ሚስት ላስረዳ ሞከርኩ። ሰሙኝና ቅቤ አምጥተው ቀቡኝ።

ማሳከኩ ሌላ ባለቤት አለው። ኤም ሲ ዲ የሚባል አጭር ሰንሰለት፣ ማስት ሴል የተባሉትን የሰውነታችንን ጠባቂ ሴሎች ነካክቶ ሂስታሚን የተባለውን የሚያሳክክ ኬሚካል ያስረጫቸዋል። መርዙ የራሱም ትንሽ ሂስታሚን አለው። ግን የራሳችንን ሂስታሚን በራሳችን ላይ ማስረጨቱ ብልጠት ነው። አፓሚንን ደግሞ ሳልጠቅሰው አላልፍም። 18 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። በነርቭ ሴሎች ላይ ያለን አንድ ዓይነት የፖታስየም በር መርጦ ይዘጋል። በጣም መራጭ ከመሆኑ የተነሳ የነርቭ ተመራማሪዎች ያንን በር ለማጥናት እንደ መሣሪያ ይጠቀሙበታል።

የዚህ ሁሉ ዓላማ ምንድን ነው? መግደል አይመስለኝም። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው አለርጂ ከሌለበት አንድ ንድፊያ አይገድለውም። ሕመሙ ራሱ ነው መልእክቱ። ማር ሊዘርፍ የመጣ እንስሳ ይሽሽ፣ ሁለተኛም አይመለስ ነው። እኔም ፎቶዬን ይዤ ሸሸሁ።

አውራዋም መንደፊያ አላት። (አባባ ሴት መሆኗን እያወቁ «አውራዋ» ነበር የሚሏት።) የእሷ ለስላሳ ስለሆነ ደጋግማ ትወጋበታለች። ግን ሰው ላይ ብዙም አታውለውም፤ ተቀናቃኝ አውራዎችን መግደያዋ ነው። ወንዱ ንብ ጭራሽ የለውም። መንደፊያ ድሮ የእንቁላል መጣያ የነበረ አካል ነውና ከየት ያመጣዋል? በጣም የወደድኩት ግን ሌላ ነው። በ2011 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ንቦች መርዛቸውን ለመንደፍ ብቻ እንደማይጠቀሙበት ያሳያል። ገላቸው ላይና የማር እንጀራው ሰም ላይም ይገኛል። ሜሊቲን ባክቴሪያ ይገድላል። ስለዚህ መርዙ ለቀፎው ሳሙናም ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ቀፎ ውስጥ ተፋፍገው ለሚኖሩ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ንቦች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ቲዩቡ ልመለስ።

ንቧ የምታደርገውን አያችሁ። ቆዳን በመርፌ ትበሳለች። ውስጥ ታደርሳለች። ገፍታ ታስገባለች። መንገድ ጠራጊም ትጨምራለች። ቅባቱ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ያደርጋል? አንዱንም። ጤነኛ ቆዳ ደግሞ በር አይደለም፣ ግድግዳ ነው። በእኛ ሙያ አንድ የታወቀ ግምት አለ፤ ከ500 ዳልተን በላይ የሚመዝን ሞለኪውል ጤነኛ ቆዳን አልፎ ለመግባት ይቸገራል። ዳልተን የሞለኪውል ኪሎ ነው በሉት። ሜሊቲን 2,850 ገደማ ይመዝናል። አፓሚን 2,000 ገደማ። ፎስፎሊፔዝ ከ15,000 ያልፋል። ሜንቶል? 156። ከእነዚህ ውስጥ በሩን አንኳኩቶ የሚገባው እሱ ነው። ያቀዘቀዛትም እሱ ነው። እማዬ በአፍንጫዋ የደረሰችበትን እኔ በካልኩሌተር ደረስኩበት።

ቆዳው ተጫጭሮ ቢሆንስ? ያኔማ ሊገባ ይችላል። እዚያ ላይ ደግሞ አለርጂው ያስፈራኛል። ስለዚህ ቁስል ላይ፣ ጭረት ላይ፣ ከተላጨ በኋላ አትቀቡት። ይህ ማስጠንቀቂያ ቲዩቡ ላይ አለ፤ ግን በጉንዳን ፊደል።

አንድ ነገር ልመስክርለት። «ንቦች አይሞቱም» የሚለው አባባላቸው ሊሆን የሚችል ነገር ነው። መርዝ የሚሰበሰበው ቀፎ አፍ ላይ መስታወት ተዘርግቶ፣ በላዩ ቀጫጭን ሽቦ ተወጥሮ ነው። ሽቦው ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ንቦቹ ይናደዱና መስታወቱን ይነድፋሉ። መስታወት እንደ ቆዳ ስለማይዝ መንደፊያቸው አይቀርም። መርዙ መስታወቱ ላይ ይደርቅና በምላጭ ይፋቃል። በ0.1 ሚሊግራም ሂሳብ አንድ ግራም ለመሙላት 10,000 ንድፊያ ያስፈልጋል። በዚህ ልፋት የተገኘ ነገር ከሽቶ ቀጥሎ ተሰልፎ ሳየው ለንቦቹ አዘንኩ። ለአጎቴ በስልክ ብነግራቸው ግማሽ ሰዓት ሳቁ። «በኤሌክትሪክ እያናደዱ!» ይላሉ። «የእኛዎቹማ መብራትም አይፈልጉ።»

አሁን ጉልበቷን። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ ያሟታል። ሐኪሙ ራጅ አይቶ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ነው ብሏል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ስለዚህ መለኪያዬ ቀላል ነበር፤ ከታች እስከ ቤት ስንት ጊዜ ትቆማለች? ቅባቱን ከመጀመሯ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት አብዛኛውን ጊዜ አራቴ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ጧትና ማታ ሁለቱንም ጉልበት ቀባኋት። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ አሻታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ማቆሟ ወደ ሦስት ወረደ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ በስልክ ዘለለ። እኔ ግን ጥርጣሬ ያዘኝ። መርዙ ነው? ሜንቶሉ ነው? ማሸቱ ነው? ወይስ ልጇ በየማታው አጠገቧ መቀመጧ?

ስለዚህ አንድ ተንኮል ሠራሁ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀኝ ጉልበቷን በንብ ቅባቱ፣ ግራውን ከሱቃችን ባመጣሁት ተራ የሜንቶል ቅባት ቀባሁት። ሁለቱም ነጭ ናቸው። ሽታቸውም ይቀራረባል። አልነገርኳትም። በየሦስት ቀኑ «የትኛው ጉልበት ይሻላል?» እላታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት «ያው ናቸው» አለች። በሁለተኛው «ያው ናቸው፤ ምነው ደጋግመሽ ትጠይቂኛለሽ?» በሦስተኛው ግራው ይሻላል አለች። በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻም ግራው ላይ ጸናች። ግራው፣ ከዋጋው አሥረኛ የማይሞላው።

ይህ ጥናት አይደለም። አንዲት እናትና ሁለት ጉልበት ነው። ግን ለእኔ በቂ ነበር። እውነቱን ስነግራት ተቆጣች። የተቆጣችው ግን ስላታለልኳት አይደለም። «ታዲያ የአሜሪካውን ለምን በሁለቱም አትቀቢኝም ነበር?» ብላ ነው።

በመሃል ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንዲት ወዳጇ የሰጠቻትን ስልክ ቁጥር ይዛ መጣች። በሕይወት ያለች ንብ ይዞ ጉልበት ላይ የሚያስነድፍ ሰው አለ። ደወልኩለት። በትሕትና ነው ያናገረኝ፤ ክፉ ሰው አልመሰለኝም። ከስንት ንድፊያ እንደሚጀምር፣ በሳምንት ስንቴ እንደሚያደርግ ነገረኝ። «አንድ ሰው መተንፈስ ቢያቅተው የአድሬናሊን መርፌ አለህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ማር አለኝ» አለኝ።

እዚህ ላይ ቀልዴን ልተው። የንብ መርዝ አለርጂ የሚመጣው በመጀመሪያው ንድፊያ ላይሆን ይችላል። ስፔን ውስጥ አንዲት የ55 ዓመት ሴት ሁለት ዓመት ያህል በወር በወር በንብ ስትነደፍ ኖራ ምንም አልሆነችም ነበር። አንድ ቀን በአንዲት ንድፊያ ትንፋሿ ተቋረጠ፣ ራሷን ሳተች። ከሳምንታት በኋላ ሞተች። ሐኪሞቹ ታሪኩን በ2018 አሳትመውታል። እማዬ ደግሞ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች። የእሷ ኪኒን አድሬናሊን እንደሚገባው እንዳይሠራ ከሚያደርጉት ወገን ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ቀድጄ ጣልኩት። ሰዎች ኪኒናቸውን ሳይነግሩ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ባይሄዱ ደስ ይለኛል። ፊት ወይም ከንፈር ያበጠበት፣ ሰውነቱ በሙሉ ያሳከከው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ማር ሳይሆን ሆስፒታል ነው፤ ያውም በሩጫ።

ሐሳቡ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፊሊፕ ቴርች የሚባል ሐኪም፣ ዛሬ ስሎቬኒያ ውስጥ ባለችው ማሪቦር ሲሠራ፣ ስለ ንብ ንድፊያና ስለ ቁርጥማት በ1888 ጽፏል። በ1974 ደግሞ ቅድም ያነሳሁት ኤም ሲ ዲ በአይጦች ላይ እብጠትን እንደሚቀንስ ታይቷል። የሚያሳክከው ራሱ ማለት ነው! መርዙ ውስጥ የሚጠና ነገር አለ። ሰው ላይ ሲፈተን ግን ሁልጊዜ አይሰምርም። ኔዘርላንድስ ውስጥ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ያለባቸው 26 ሰዎች በንብ እየተነደፉ ያለ ንድፊያ ካሳለፉት ጊዜ ጋር ተነጻጽረው ነበር። 24 ሳምንት ያህል ነው የተነደፉት፣ በሳምንት ሦስቴ፣ እስከ 20 ንብ። በሽታቸው አልተሻለም። ውጤቱ የወጣው በ2005 ነው። ምን ያህል እንደታገሡ ሳስብ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ከቲዩቡ ጋር የመጣችው ወረቀት ስለ ጡት ካንሰርም አንድ መስመር ጣል አድርጋለች። ይህ አናደደኝ። ጥናቱ እውነት ነው። በ2020 አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ የንብ መርዝና ሜሊቲን አንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎችን በቤተ ሙከራ ሲገድሉ ታይተዋል። ያ ግን በሳህን ላይ ባሉ ሴሎችና በአይጥ ነው። ሴል የሚበሳ ነገር ሳህን ላይ ሴል ቢገድል አይደንቅም። ጥያቄው ጤነኛውን ሳይነካ መምረጥ ይችላል ወይ ነው፤ እነሱም የሚደክሙት ለዚያ ነው። የጉልበት ቅባት ወረቀት ላይ ይህን መጻፍ የሰውን ጭንቀት መነገድ ነው። ባንኮኒ ፊት ቆማ ያቺን መስመር በጣቷ እያሳየች የጠየቀችኝ ሴት አለች። አልረሳትም።

የንብ መርዝ በትክክል መድኃኒት የሆነበት ቦታ ታዲያ የለም? አለ። የሚገርመው ለንብ መርዝ አለርጂ ራሱ ነው። የተጣራ መርዝ በጣም በትንሹ ተጀምሮ፣ ከቆዳ ሥር በመርፌ እየጨመረ ይሰጣል። ሐኪም ፊት፣ ለዓመታት። ሰውነት ይለምደዋል። በ1978 የታተመ ጥናት የተጣራው መርዝ ከዚያ በፊት ይሰጥ ከነበረው የነፍሳት ሙሉ አካል ጭማቂ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እዚያ መጠኑ በማይክሮግራም ይጻፋል። 23ኛ ተራ ላይ ተደብቆ አይቀመጥም።

እንግዲህ ነጥብ ልስጥ። ለልስላሴውና ልብስ ባለማበላሸቱ አንድ ኮከብ። ለሜንቶሉ ግማሽ። ለማሸጊያው ውበት ግማሽ፤ እማዬ ቲዩቡን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁማዋለች። ከአምስት ሁለት ማለት ነው። መጠኑን ቢጽፉና የካንሰሯን መስመር ቢያወጡ ሦስት አደርገው ነበር። 34 ዶላር ያለው ሰው ግን ተራውን የሜንቶል ቅባት ገዝቶ በተረፈው እውነተኛ የዳንግላ ማር ቢገዛ እመርጣለሁ። (አዎ፣ አድልዎ አለኝ።)

ባለፈው እሁድ ወንድሜ ደወለ። የማውቀው ሰው በቅርቡ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ምን ልላክ አለ። እኔ ቅባቱን እንዳይልክ ምልክት ልሰጠው ካሜራው ፊት እጄን አወናጨፍኩ። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ያንን የንቡን ሁለት ላክ» አለችው። «አንዱን ለጎረቤቴ ቃል ገብቻለሁ። እህትህን አትስማት፤ እሷ ንብ ነድፋት ነው እንዲህ የምትሆነው።»